የአባቴ እርካብ የተበየደ ቀን

አሁን አሁን በኮልፌ መንገድ ዳር ባሉት የብየዳ ቤቶች በኩል ሳልፍ እግሬ እሺ አይለኝም፤ ይቆማል። ወጣቶቹ ብረቱን ከጣሳ በሚረጭ ፈሳሽ ያጸዱና ገና ሳይደርቅ እሳቱን ይለኩሱበታል። «ኧረ ልጆች፣ እሱን በውኃና በሳሙና እጠቡት! አድርቁት! በሩንም ክፈቱት!» እላለሁ። «እሺ እማማ» ይሉኛል፤ እሺታቸው ግን ቶሎ እንድሄድላቸው ነው። አንዱማ ባለፈው «እማማ በያጅ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀብኝ። በያጅ አልነበርኩም። የበያጅ ሚስት ነበርኩ፤ ያውም ኮልፌ ውስጥ የብየዳ እሳት ብርቅ በነበረበት በጣሊያን ዘመን።

ያኔ ኮልፌ እንደ ዛሬው ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት ሰፈር አልነበረም። ባሕር ዛፍ፣ ሜዳና ጭቃ ነበር። ጎረቤት የሚጠራው ከሩቅ በጩኸት ነው፤ እሳት ለመጫር እንኳ ሜዳ መቋረጥ ነበረበት። ጣሊያን ገበያውን ከመሐል ከተማ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲገፋው ሰዉም አብሮ ተገፋ፤ እኔና ባሌም ከተገፉት መካከል ነበርን። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ክፋቱን አልረሳሁም። ግን ወጣት ሰው በክፉ ዘመንም ውስጥ ቢሆን ደስ የሚለው ነገር አያጣም። እኔ ደስ የሚለኝ ጠዋት ጠዋት ባሌ እሳቱን ሲለኩስ ማየት ነበር። መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል፣ ጥቁር ጥላሸት ይተፋል፤ ባሌ ቁልፉን ትንሽ ሲያዞረው ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይሾላል። «ዓይንሽን! ዓይንሽን!» እያለ ይጮኽብኛል። እኔ ደግሞ እሺ ብዬ ፊቴን እሸፍንና በጣቶቼ መሐል አሾልቄ አያለሁ። እያየሁ መሆኔን ያውቅ ነበር። ያን ጠዋት የማልናፍቅበት ቀን የለም።

ባሌ ከደቡብ ምዕራብ የመጣ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ወናፍ እየነፋ፣ ማረሻና ቢላዋ እየሠራ ነው ያደገው። አንድ ጣሊያን መካኒክ የእጁን ሥራ አየና ወደ ጋራዡ፣ እነሱ ኦፊቺና ወደሚሉት፣ ወስዶ ብየዳ አስተማረው። ቤታችን ካሚዮኖች ወደ ምዕራብ በሚወጡበት አዲስ መንገድ ዳር ስለነበር፣ ኋላ ላይ አሮጌውን የብየዳ ዕቃ እኛ ግቢ አስገባለት፤ መንገድ ላይ የተሰበረ መኪና ሁሉ እኛ ደጅ ይቁም ብሎ። ባሌ ለዕቃው በቆርቆሮ አንዲት ክፍል ሠራ። አንድ በር ብቻ ያላት፣ መስኮት የሌላት፣ ዝናብ ሲወርድባት የራስህን ድምፅ የማታሰማ ክፍል ነበረች። ለእኛ ቤተ መንግሥታችን ነበረች። የሰፈሩ ሴቶች የተሰነጠቀ ብረት ድስት ይዘው ይመጡና የእሳቱን ነገር በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ ድስቱን ሲቀበሉ ግን እጃቸው የባሌን እጅ እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። እኔ አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ።

ምክንያቱን እናውቃለን። የእኔም ወገኖች ያው ናቸው፤ የሸዋ ሰዎች። አባቴ ሀብታም አልነበረም። በቅሎ ነበረችው፣ ኩራት ነበረው፣ ይኸው ነው። በእኛ ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል። እኔ ይህን ሰው አገባለሁ ስል ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆነ። አባቴ አልረገመኝም፤ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ ነሽ፤ እቤትሽ ግን እህል አልቀምስም» አለና ዝም አለ። አባቴ ዝም ካለ ዝም ነው። ካገባሁ ስንት ክረምት አለፈ፣ ደጄን አልረገጠም። ባሌ አይናገርም እንጂ እንደሚቆስል አውቅ ነበር። ነጂው፣ ነጋዴው፣ ጣሊያኑ ሁሉ «ጎበዝ» የሚሉት ሰው፣ የሚመኘው አንድ ሽማግሌ እቤቱ ገብቶ ለምግብ እጁን እንዲታጠብ ብቻ ነበር። እኔም የምመኘው ያንኑ ነው። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ባሌ ድሮ ብረት የሚያጸዳው በአመድና በፈላ ውኃ ነበር፤ ቅባቱ ከበዛ እንዶድ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። መካኒኩ ግን አንድ ቀን ቆርቆሮ ሙሉ ፈሳሽ ሰጠው። ትሪየሊና ይሉታል። መልኩ ውኃ ነው፣ ሽታው ይጣፍጣል፣ የነካውን ቅባት ሁሉ ጥርግ ያደርጋል። ጨርቅ ነክሮ ብረቱን አንዴ ማሸት ነው፤ አለቀ። ባሌ አዲስ ልብስ እንደተገዛለት ልጅ ተደሰተበት። እኔም የባሌን ካፖርት የመኪና ቅባት እድፍ በእሱ ማስለቀቅ ጀመርኩና ከእንዶድ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ብቻ ከዚያ ወዲህ ባሌ ከሥራ ሲወጣ ይስላል፤ ጉሮሮውን ይከረክረዋል። «የክረምት ጉንፋን ነው» ይለኛል። ዝናብ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ስለሚሠራ ቆርቆሮው ያቀዘቅዘዋል ብለን ዝም አልን።

በዚያው ክረምት አባቴ የቀራንዮ መድኃኔዓለምን ሊሳለም መጣና ከእኛ ሽቅብ፣ ዳገቱ ራስ ላይ ከምትኖረው ከአክስቴ ቤት ዐረፈ። መምጣቱን ሰምቻለሁ፤ እኛ ጋ እንደማይመጣም አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ግን በቅሎዋን እየጎተተ ደጃችን ላይ ቆሞ አየሁት።

«ደህና አደርሽ» አለኝ፣ ሰላምታውን ቆጥቦ። «እርካቤ ዳገቱ ላይ ተሰበረ። ባልሽ ብረት ይቀጥላል አሉ።»

«ይቀጥላል አባዬ። ይግቡ።»

«እቤት አልገባም። የሚሠራበት ጋ እቆያለሁ።»

እሱም ለእኔ ብዙ ነበር። ሩጬ አጎዛ አመጣሁና ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ፣ እሳቱ እንዲሞቀው ብዬ ከባሌ አጠገብ በርጩማ ላይ አነጠፍኩለት። ባሌ አባቴን ሲያይ ጉጠቱ ከእጁ አምልጦ ወደቀ። እጅ ነሣ፣ እርካቡን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ብረት ሳይሆን ሕፃን የተቀበለ ነበር የሚመስለው።

እርካቡ የስንት ዓመት ጭቃና ቅባት የጠጣ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባሌ እንዲህ ያለውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ይበይደዋል። ያን ቀን ግን በዕድሜው ያልሠራውን ሥራ ሊሠራ ተነሣ። ሳህን ሙሉ ትሪየሊና ቀዳና እርካቡን ዘፈዘፈው። ፈተገው፣ መልሶ ነከረው፣ ቅርጻ ቅርጹ ውስጥ የገባውን ሁሉ እስኪያወጣ ድረስ። መሐል ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ አማቱን እንዳይበርደው ብሎ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ከዚያም እርካቡ ገና እንደራሰ፣ ሳህኑም እዚያው እግሩ ሥር እንዳለ፣ እሳቱን ለኮሰ።

እኔ ማድ ቤት ነበርኩ። ዝናቡ ጋብ ሲል ሳቅ ሰማሁ። የአባቴ ሳቅ ነው! እሳቱ እንዴት እንደሚሾል ባሌ እያሳየው ነበር። ባሌ ኋላ እንደነገረኝ አባቴ «ጉድ ነው! ጉድ ነው!» እያለ ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫው ብረቱን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ ተጠግቶ ነበር የሚያየው። ዓይናቸውን አቃጠላቸው፣ ሁለቱም ሳሉ፤ የእሳት ቤት ወጉ ነው ብለው ተሳሳቁበት። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳቃቸውን ስሰማ እንባዬ መጣ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሳቅ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ በሩን ከፍቼ አስወጣኋቸው። እርካቡ የተሰበረበት ቦታ ተፈልጎ አይገኝም። አባቴ በጣቱ ዳሰሰ ዳሰሰና «እጅህ ይባረክ» አለው። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመረም። ባሌ አባቴ ዳገቱን ወጥቶ እስኪሰወር ድረስ ጭቃው ላይ ቆሞ በዓይኑ ሸኘው።

ከምሳ በኋላ ባሌ ደረቴን ጨመቀኝ ብሎ ጋደም አለ። ትንፋሹ አጥሯል። «ደስታ ነው የጨመቀህ» ብዬ ቀለድኩበት። ብዙም ሳይቆይ አክስቴ መጣች። ያን ግቢ ረግጣው አታውቅም። እቤት አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ዘልቃ አንድ ነገር ነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

«አባትሽ እየሞተብኝ ነው፣ ነዪ» አለችኝ። ዳገቱን በደህና ወጥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ስለ እሳቱ ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ትንፋሽ አሳጣው። «ባልሽ ነው የበላው። ዳገቱ እስኪያልቅ በዓይኑ ሲከተለው ሰው አይቶታል።»

«እትዬ፣ እሱም እኮ ታሞ ተኝቷል! እሱ ከሆነ የበላው፣ እሱንስ ማን በላው?»

አክስቴ ለመልስ አልተቸገረችም። «ስለጠገበ ነው» አለችኝ።

ዛሬ ይህን ሳወራ የልጅ ልጆቼ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ባሌን ከተኛበት ትቼ ከእሷ ኋላ ዳገቱን ሮጥኩ። አባቴ ከሞተ የማጣው አባቴን ብቻ አይደለም። ባሌን አይተዉልኝም፤ ቢተዉልኝ እንኳ የአባቷን ገዳይ አቅፋ የምትኖር ሴት እየተባልኩ ነው የምኖረው።

አባቴ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ውኃ ይንተከተካል። በሩ ተዘግቷል፣ ማንደጃው ላይ ፍሙ ቀልቷል። የቡዳ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። በላ ከተባለው ሰው ልብስ ቁራጭ ይወሰድና ፍም ላይ ይጣላል፤ በሽተኛው በጭሱ ይታጠናል፣ ይለፈልፋል፣ የበላውን ይናገራል፣ ያኔ ይለቀዋል። አክስቴ ከነጠላዋ ሥር ያወጣችውን አየሁት። ልብስ አይደለም። ባሌ ብረት የሚያሽበት፣ ምስማር ላይ የሚሰቅለው ጨርቅ ነው። ገና እንደራሰ ነው። 

ፍሙ ላይ ጣለችው።

የተነሣው ጭስ ጉሮሮዬን አነቀኝ። የበርበሬ ጭስ አይደለም፣ የጨርቅ ጭስም አይደለም። ይህን ሽታ ግን አውቀዋለሁ። ባሌ ሲስል ካፖርቱ ላይ ያለው እሱ ነው። ያን ጠዋት የቆርቆሮ ቤቱን በር ስከፍት ፊቴን የመታኝም እሱ ነው። አክስቴ እንባዋ እየወረደ፣ እየሳለች፣ «ሲወጣ ነው! ሲወጣ ነው! ማን በላህ? ተናገር!» ትላለች። አባቴ የሚናገርበት ትንፋሽ የለውም።

«ይኸው ነው የበላው! ይኸው ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ማንደጃውን በነጠላዬ ይዤ ከነፍሙ ጭቃው ላይ ወረወርኩት፤ መዳፌ ተላጠ። በሩን በረገድኩት። አባቴን ብብቱ ሥር ገብቼ ጎትቼ ወደ ደጅ አወጣሁት። አክስቴ አበደች ብላ ኡኡታዋን ለቀቀችው። እኔ ግን አባቴን ደረቴ ላይ አስደግፌ ፊቱን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዞርኩና ማንም እንዳይነካው ከለከልኩ። መድኃኒት አላውቅም። የማውቀው ያ ሽታ ዳግመኛ እንዳይደርስበት ብቻ ነው። ያን ዕለት እግዚአብሔርን የለመንኩትን ያህል ከዚያ በኋላ ለምኜው አላውቅም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ የአባቴ ከንፈር ቀለሙ መለስ አለ። «ውኃ» አለ። ባሌም እቤት ብቻውን ተኝቶ ተርፏል። ማንም አልጠየቀው፤ ቡዳ ታመመ ብሎ ማን ሊጠይቅ!

ለመካኒኩ ባሌ መታመሙን ልነግረው ወደ ኦፊቺናው ወረድኩ። ምን ሲሠራ እንደነበር ጠየቀኝ፤ በእሱ ስብርብር አማርኛና በእኔ የእጅ ምልክት ተግባባን። ስለ ሳህኑ፣ ስለተዘጋው በር፣ ስለ እሳቱ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። እነሱ ጋ ማጠቢያው ከግቢው ወዲያ ጫፍ ነው፣ ብየዳው ከወዲህ ጫፍ። ብረቱ ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ደርቆ ነው እሳቱ ዘንድ የሚደርሰው። ስለዚህ ሁለቱን አታገናኙ ብሎ ለማንም መንገር አስፈልጎት አያውቅም። እኛ ቤት ግን ማጠቢያውም ብየዳውም ያቺው አንዲት ክፍል ናት። «እሳት ሲያገኘው መርዝ ይሆናል» አለኝ። «የጦርነት መርዝ። ታላቅ ወንድሜ ድሮ በእኛ አገር ጦርነት እንዲህ ባለው ነው የሞተ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። አዘንኩለት፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። የእናንተ አውሮፕላኖች በሰሜን በኩል በሰዎቻችን ላይ ያዘነቡትስ ምን ነበር ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንጀራችን በእሱ እጅ ነበር። ቆርቆሮውን ከነፈሳሹ እንዲወስድልን ነግሬው ወጣሁ።

ባሌ ወደ አመዱና ወደ እንዶዱ ተመለሰ። ብረቱን ከቤት ጀርባ ያጥባል፣ አጥንቱ ድረስ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ቆርቆሮ ቤቱንም ቀዶ መስኮት አወጣለት። ሥራው ዘገየ፤ ነጂዎቹ አጉረመረሙ። ሳሉ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም። ዕድሜውን ሙሉ ዳገት ስንወጣ መሐል ላይ ቆም ይልና አገር የሚያይ ሰው ይመስላል። ትንፋሹን እየሰበሰበ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም አብሬው ቆሜ አገር አያለሁ።

እንግዲህ እውነቱን አገኘሁ ብዬ ነበር። አክስቴ ግን ቀድማኛለች። «ጨርቁን ባላጨስለት አልቆለት ነበር» እያለች ኮልፌን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰችው። የአባቴ መዳን ራሱ ማስረጃ ሆነብን፤ ባሌ ቡዳ ባይሆን በጨርቁ ጭስ እንዴት ይለቀው ነበር? አባቴ ዘንድ ወጥቼ የፈሳሹን ነገር አንድ በአንድ አስረዳሁት። ታግሦ ሰማኝ።

«ቅባት የሚያጥብ ውኃ ሰው ይገድላል ነው የምትይኝ?» አለኝ። «ባልሽን ስለምትወጂው ነው። አልፈርድብሽም።»

 እቤቴ ተመልሼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ባሌ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ጀርባዬን ዳበሰኝ፣ ቆይቶ ተነሣና ወደ ሥራው ሄደ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ እሑድ በቅሎዋ ደጃችን ላይ ቆመች። አባቴ ወረደ። ወደ ቆርቆሮ ቤቱ አልዞረም። በቀጥታ እቤት ገባ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ ኩታውን አስተካከለ።

«ርቦኛል» አለ።

እኔና ባሌ ተያየን። እቤት ያለው የባሌ አገር ምግብ ነው፤ ቆጮና ጎመን። አባቴ ቆጮ በአፉ ዞሮ አያውቅም።

«አባዬ፣ ትንሽ ቢታገሡኝ ሌላ ነገር…»

«ያለውን አቅርቢ።»

ባሌ ውኃ አምጥቶ አስታጠበው። ውኃው ከእጁ አልፎ የአባቴን ጉልበት አራሰው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀው፤ «ጌታዬ፣ አይፈሩኝም?»

«እፈራለሁ እንጂ!» አለ አባቴ። «ያመመኝን የማውቀው እኔ አይደለሁ? እህቴም ዳገቱ ላይ ፍም አቀጣጥላ እየጠበቀችኝ ነው።» እጁን በኩታው ጫፍ አደረቀ። «ግን ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ ያለችውም እዚህ ነው። እንደፈራሁ ልሙት?»

አልበላዎትም፣ ፈሳሹ ነው፣ እሱም ከእርስዎ እኩል ታሟል ብዬ ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። ባሌ በዓይኑ ተዪው አለኝ።

አባቴ ቆጮውን ቆረሰ፣ ጎመን አደረገበት፣ በእጁ አመቻቸው። ወደ ራሱ አፍ አልወሰደውም። ጎንበስ አለና ወደሚፈራው ሰው ዘረጋው። ባሌ አፉን ከፍቶ ተቀበለው።